ኮምፒዩተር ከሞደም ጋራ ሲገናኝ ቀጥ የሚልበት ምክንያትና የምርመራው ሥርዐት

ሞደም በኮምፒዩተርና በስልክ ሽቦ መካከል የቆመ አስተርጓሚ ነው። ኮምፒዩተር የሚያውቀው ሁለት ምልክት ብቻ ሲሆን እነርሱም ዜሮና አንድ ናቸው። የስልክ ሽቦ ግን የሰውን ድምፅ ያደርስ ዘንድ የተሠራ ስለ ሆነ፥ በግምት ከ300 እስከ 3400 ሄርዝ ከሚደርሰው ድምፅ በቀር ሌላውን አያሳልፍም። ስለዚህ ሞደሙ ዜሮውንና አንዱን ወደ ድምፅ ለውጦ ይልካል፤ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሞደምም ድምፁን ሰምቶ ወደ ዜሮና አንድ ይመልሰዋል። ስሙም ሞዱሌተርና ዲሞዱሌተር ከሚባሉት ከሁለት ቃላት ተቈርጦ የተገጠመ ነው።

በአሜሪካ የቤል የስልክ ድርጅት በ1962 ዓመት ባወጣው፥ ቤል 103 በተባለው ሞደም፥ ደዋዩ አንድን በ1270 ሄርዝ፥ ዜሮን በ1070 ሄርዝ ድምፅ ያሰማ ነበር፤ ተቀባዩ ደግሞ አንድን በ2225፥ ዜሮን በ2025 ሄርዝ ይመልስ ነበር። ስለዚህ ሁለቱ ባንድ ጊዜ ቢናገሩ ስንኳ ቃላቸው አይደባለቅም። ዜማ ለተማረ ሰው ይህ ነገር አይከብደውም፤ ከፍ ብሎና ዝቅ ብሎ የሚዜመውን ጆሮው እንደሚለየው ሁሉ ሞደምም እንዲሁ ይለያል። የዚያ ሞደም ፍጥነት በሰከንድ 300 ቢት ነበር፤ በ1998 የጸደቀው ቪ 90 የተባለው ደንብ ግን ባንድ ሰከንድ እስከ 56,000 ቢት ለመቀበል የሚያስችል ሆነ። በዚህ ትምህርት የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

በኢትዮጵያ የኢንተርኔት አገልግሎት በ1997 በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል ሲጀመር ሰዎች ይገናኙ የነበሩት በዚሁ በስልክ ሽቦና በሞደም ነበር። ኋላ ግን ሲም ካርድ የሚገባበት፥ በዩኤስቢ ቀዳዳ የሚሰካ፥ ጣት የሚያህል ሞደም በብዛት ገባ። ሁለቱም ኮምፒዩተርን ቀጥ የሚያደርጉበት ምክንያት አንዳንዱ አንድ ነው፥ አንዳንዱ ግን የተለያየ ነው።

በመንደር ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ የሚገኘው አንድ ኮምፒዩተር ብቻ ነው። የተማሪዎቹ ስም፥ የፈተናው ውጤት፥ ለወረዳው የሚላከው ደብዳቤ ሁሉ በዚያው ባንዱ ላይ ይጻፋል። አስተማሪው ውጤት ሲጽፍ ውሎ፥ ማታ ወረቀቱን ለመላክ ሞደሙን ባገናኘበት ቅጽበት ኮምፒዩተሩ ቀጥ ቢል፥ ያልተቀመጠው ጽሑፍ ሁሉ ይጠፋል። ከዚህም የሚብሰው፥ ኮምፒዩተሩ ወደ ዲስኩ በመጻፍ ላይ ሳለ በግድ ቢጠፋ፥ ቀድሞ የተቀመጠውም መዝገብ ሊበላሽ ይችላል፤ ያን ጊዜ የዓመት ድካሙ የሚቀርበት ተማሪው ነው። ስለዚህ ምርመራ የሚጀምር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መዝገቡን በፍላሽ ገልብጦ በሌላ ቦታ ያኑር። ይህ ሳይደረግ አንዲት ብሎን ስንኳ መፍታት አይገባም።

ሰዎች ማናቸውንም ብልሽት «ስታክ አደረገ» ብለው በአንድ ስም ይጠሩታል። ወጌሻ ግን ወለምታውን ከስብራት ሳይለይ እጁን አያሳርፍም፤ መርማሪም ነገሩን እንዲሁ መለየት ይገባዋል። ግንኙነቱ ብቻ ተቋርጦ ኮምፒዩተሩ በደኅና የሚሠራ እንደ ሆነ፥ ያ የመስመሩ ጉዳይ ነውና ከዚህ ትምህርት ውጭ ነው። ገጹ እንዳለ ደርቆ ቢቀር፥ ካፕስ ሎክ የተባለውን ቍልፍ መጫን ነው፤ ትንሿ መብራት የምትበራና የምትጠፋ ከሆነች የደነዘዘው አንዱ ፕሮግራም ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ መብራቷም ከቀረች ሥርዐቱ በሙሉ ቆሟል ማለት ነው። ሰማያዊ ገጽ ላይ ነጭ ጽሑፍ ቢወጣ ኮምፒዩተሩ የሞተበትን ምክንያት ራሱ እየተናገረ ነውና ሳይቸኵሉ መገልበጥ ይገባል። ራሱን አጥፍቶ የሚነሣ እንደ ሆነ ግን የኀይል ማነስን፥ ሙቀትን ወይም ከዚህ በታች የሚነገረውን የተንኰል ፕሮግራም መጠርጠር ነው።

በአሮጌው ኮምፒዩተር ከሁሉ የበዛው ምክንያት የጥሪ ቍጥር መጋጨት ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። የኮምፒዩተሩ ልብ የሆነው ፕሮሰሰር በችሎት እንደ ተቀመጠ ዳኛ ነው፤ ባለጉዳዮቹም ማውሱ፥ የፊደል ገበታው፥ ዲስኩና ሞደሙ ናቸው። ዳኛው እየዞረ «ጉዳይ አለህን?» ብሎ ሁሉን ቢጠይቅ ሥራ ሁሉ ይፈታ ነበር። ስለዚህ ለያንዳንዱ ባለጉዳይ አንድ የደወል ገመድ ተሰጠው፤ ጉዳይ ያለው ገመዱን ይስባል፥ ዳኛውም የያዘውን ሥራ ለጥቂት ጊዜ አቁሞ ደወሉ ወደ ተሰማበት ፊቱን ይመልሳል። ይህን ገመድ ባለሙያዎቹ አይአርኪው ይሉታል፤ ቍጥሩም ከ0 እስከ 15 ነበር። አብዛኛው ለኮምፒዩተሩ ለራሱ ሥራ አስቀድሞ የተያዘ ስለ ሆነ፥ ለመጤ መሣሪያ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ሞደምና የጥንቱ ማውስ የሚገቡበት በር ኮም ይባላል። አራት በሮች አሉ፤ ገመዳቸው ግን ሁለት ብቻ ነው። ኮም 1 እና ኮም 3 ባለ 4 ቍጥሩን ገመድ፥ ኮም 2 እና ኮም 4 ባለ 3 ቍጥሩን ገመድ በጋራ ይዘዋል። በዚያ ዘመን የነበረው የካርድ መሰኪያ ደግሞ አንድን ገመድ ሁለት መሣሪያ ባንድ ጊዜ እንዲስበው ሆኖ የተሠራ አልነበረም። እንግዲህ ማውሱ በኮም 1 ሳለ፥ ከገበያ የመጣ አዲስ ሞደም በኮም 3 ገባ እንበል። ሞደሙ ዝም እስካለ ድረስ ማውሱ እንደ ልማዱ ይሮጣል፤ ሰውዬውም ሥራው የተቃና ይመስለዋል። ሞደሙ መደወል በጀመረበት ቅጽበት ግን ሁለቱ ባንድ ገመድ ይሳሳባሉ፤ ዳኛውም የማን ጥሪ እንደ ሆነ ይጠፋበታል። ማውሱ ይደርቃል፥ አንዳንድ ጊዜም ኮምፒዩተሩ በሙሉ ይቆማል። ብዙ ሰው የስልኩን መሥመር ሲወቅስ የኖረው ችግሩ ሲደወል ብቻ ስለሚታይ ነው እንጂ የስልኩ ጥፋት አልነበረም።

መድኀኒቱ ባለጉዳዮቹን መለያየት ነው። በዊንዶውስ 95 ወይም 98፥ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ሲስተም በሚባለው ሥር ዲቫይስ ማኔጀር የሚባል ዝርዝር አለ፤ የተጋጨው መሣሪያ ብጫ የቃለ አጋኖ ምልክት ተደርጎበት ይታያል። ሞደሙን ወደ ኮም 2 ማዛወር ይቻላል፤ ነገር ግን በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ኮም 2 አስቀድሞ ባዮስ በሚባለው መቈጣጠሪያ ካልተዘጋ፥ ጠቡ ከኮም 1 ተነሥቶ ወደ ኮም 2 ሄደ እንጂ አልጠፋም። በካርዱ ላይ ጃምፐር የሚባሉ ትንንሽ መሸፈኛዎች ካሉ እነርሱም አብረው ከአዲሱ ቍጥር ጋራ መስማማት አለባቸው። ከሁሉ የሚቀለው ግን ክብ መሰኪያ ያለውን ማውስ መግዛት ነው፤ እርሱ የራሱ የሆነ 12ኛ ገመድ ስላለው ከሞደም ጋራ የሚያጣላው ነገር የለም።

ከዚህ ጋራ የሚመሳሰል፥ ግን ኮምፒዩተርን የማይገድል ሌላ ችግር አለ። ከሞደሙ የሚመጣውን ፊደል ተቀብሎ የሚያቆየው ዩአርት የሚባል ትንሽ ዕቃ ነው። የጥንቱ 8250 አንድ ፊደል ብቻ ይይዝ ነበር፤ ኋላ የመጣው 16550ኤ ግን 16 ፊደል ይይዛል። በሩ በሰከንድ 115,200 ቢት ቢሠራ፥ ባንድ ሰከንድ 11,520 ፊደል ይመጣል፤ ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ከሰከንድ ሚሊዮንኛ 87 ያህል ቢዘገይ በአንድ ፊደሉ ዕቃ ላይ ያለው በሚመጣው ይደፈጠጣል። ውጤቱ የተቈራረጠ ጽሑፍና ዝግ ያለ ሥራ ነው። ይህን ከመቆም ጋራ የሚያደባልቅ መርማሪ ያለ ቦታው ይደክማል።

ዋጋን ለማርከስ ሲባል ኋላ የመጡት ሞደሞች የራሳቸው አእምሮ የላቸውም፤ ድምፅን የመለወጡን ሥራ ሁሉ በኮምፒዩተሩ ፕሮሰሰር ላይ ይጭኑታል። ዊንሞደም የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ሥራውን የሚያከናውነው ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም ነው፤ እርሱም የሚኖረው እንደ ሌላው ፕሮግራም በውጭ ሳይሆን በሥርዐቱ እልፍኝ ውስጥ ነው። በውጭ ያለ ፕሮግራም ቢሳሳት ራሱ ይወድቃል፤ በእልፍኝ ያለው ሲሳሳት ግን ቤቱን ይዞ ይወድቃል። ምልክቱም ሰማያዊው ገጽ ነው። በዊንዶውስ ኤክስፒና ከርሱ በኋላ በመጡት፥ የገጹ ቍጥር በዲ1 የሚያልቅ እንደ ሆነ፥ አንድ ድራይቨር ማኅደረ ትውስታውን በማይገባው ጊዜ እንደ ነካ ያስረዳል፤ አንዳንድ ጊዜም የድራይቨሩ ስም፥ በመጨረሻው ሲስ የሚል ቅጥያ ኖሮት፥ በዚያው ይጻፋል። ያ ስም የሞደሙ ከሆነ ሌላ ምስክር አያሻም። ኮምፒዩተሩን ሴፍ ሞድ በሚባለው አስነሥቶ ድራይቨሩን መንቀልና፥ ለዚያው ለዊንዶውሱ ዐይነት የተዘጋጀውን ከሠሪው ኩባንያ አምጥቶ መትከል ነው። በአሮጌው ላይ አዲሱን መደረብ ብዙ ጊዜ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

በዩኤስቢ የሚሰካው ሞደም የጥሪ ገመድ ጠብ የለበትም፤ ፈተናው የኀይል ነገር ነው። ዩኤስቢ 2.0 የተባለው ቀዳዳ የሚሰጠው እስከ 500 ሚሊ አምፔር ብቻ ነው። ሞደሙ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ኀይል የሚሻው አንቴናው ሩቅ ሆኖ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲጮኽ ነው፤ በመንደር ያለ ትምህርት ቤት ከከተማው ይልቅ የሚቸገረው በዚህ ነው። ሞደሙ በረዥም ገመድ፥ ወይም የራሱ ኀይል በሌለው መከፋፈያ የተሰካ እንደ ሆነ፥ ለመገናኘት ሲጣጣር ኀይሉ ያንሰውና ይጠፋል፤ ወዲያው ደግሞ ይነሣል። የድንገት መጥፋቱን የማይችል ድራይቨር ካለ ኮምፒዩተሩ ይቆማል። ስለዚህ ሞደሙን በቀጥታ ከኮምፒዩተሩ ጋራ፥ ከጠረጴዛ ላይ በሚቀመጠውም ኮምፒዩተር በስተኋላው ባለው ቀዳዳ መሰካት ይሻላል። ደግሞም እንዲህ ያለው ሞደም ብዙ ጊዜ የመደወያ ፕሮግራሙን በሆዱ ይዞ ስለሚመጣ፥ መጀመሪያ እንደ ሲዲ ይታያል፤ ቀጥሎም ወደ ሞደምነት ይለወጣል። የሁለት ኩባንያ ሞደም ፕሮግራሞች ባንድ ኮምፒዩተር ላይ ቢገኙ በዚህ መለዋወጥ ጊዜ ይሻማሉና የማያስፈልገውን ማስወጣት ነው።

ክረምት ሲገባ ደግሞ መብረቅ አለ። የስልክ ሽቦ ከሜዳ ተነሥቶ እስከ ኮምፒዩተሩ ሆድ ድረስ የሚገባ መንገድ ነው። ሰዎች የመብራቱን ገመድ በመከላከያ ሰክተው የስልኩን ሽቦ ይረሱታል፤ መብረቁ ግን በተረሳው በኩል ይመጣል። በዚህ የተመታ ሞደም ሁልጊዜ ፈጽሞ አይሞትም፤ ግማሽ ሕይወት ኖሮት ሲደወልበት ኮምፒዩተሩን የሚያቆም አለ። ደመና ሲያጕረመርም ሁለቱንም ገመድ መንቀል ነው።

ከሞደም የሚመስል፥ የሞደም ያልሆነም አለ። በነሐሴ ወር በ2003 ብላስተር የተባለ የተንኰል ፕሮግራም በዓለም ሁሉ በተሠራጨ ጊዜ፥ ዊንዶውስ ኤክስፒ ያላቸው ሰዎች በሞደም ተገናኝተው ጥቂት እንደ ቈዩ፥ ኮምፒዩተሩ በ60 ሰከንድ ውስጥ እንደሚጠፋ የሚናገር ጽሑፍ ያወጣና ይጠፋ ነበር። ብዙዎች ሞደማቸውን ለወጡ፤ አዲሱም እንደ አሮጌው ሆነባቸው። ምክንያቱም በስልክ ሞደም የተገናኘ ኮምፒዩተር ያለ በረኛ በቀጥታ ለዓለሙ ሁሉ የተገለጠ ስለ ሆነ፥ ፕሮግራሙ ራሱ ፈልጎ ይደርስበት ነበር። ቀዳዳውን የሚደፍነው ማስተካከያ ከማይክሮሶፍት የወጣው በዚያው ዓመት በሐምሌ፥ ከአደጋው አስቀድሞ ነበር። መፍትሔው ሽቦውን ነቅሎ፥ ፋየርዎል የተባለውን በረኛ አስነሥቶ፥ ማስተካከያውን መጫን ሆነ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 98 የሚሰጠውን ጥበቃ በ2006፥ ለኤክስፒ የሚሰጠውን በ2014 ስላቆመ፥ እነዚህን የያዘ ኮምፒዩተር መዝገብ ለመጻፍ እንጂ ለኢንተርኔት ባይውል ይሻላል።

ምርመራው ራሱ በየደረጃው የሚሄድ ነው። ሞደሙን ነቅሎ ኮምፒዩተሩን አንድ ሙሉ ቀን ማሠራት ይቀድማል፤ ያለ ሞደምም የሚቆም ከሆነ ጥፋቱ በሌላ ዘንድ ነው። ሞደሙን ሰክቶ፥ የስልኩን ሽቦ ግን ሳይሰኩ ማስነሣት ይቀጥላል። ከዚያም ሃይፐር ተርሚናል በሚባለው ወይም በሌላ መነጋገሪያ ፕሮግራም ሁለት የላቲን ፊደል፥ ኤና ቲ፥ ጽፎ መላክ ነው፤ ጤነኛ ሞደም ኦኬ ብሎ ይመልሳል። በዚህ ጊዜ የሚቆም ኮምፒዩተር ችግሩ በበሩ ወይም በድራይቨሩ ነው። ይህን አልፎ ሲደውል የሚቆም ከሆነ የጥሪ ቍጥሩንና ኀይሉን፥ ተገናኝቶ መልእክት መመላለስ ከጀመረ በኋላ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ድራይቨሩንና የተንኰል ፕሮግራምን መመርመር ነው። ባንድ ጊዜ ሁለት ነገር የለወጠ ሰው ግን፥ ኮምፒዩተሩ ቢድንለት ስንኳ በየትኛው እንደ ዳነ አያውቅም፤ ሲታመምም እንደ ገና ከመጀመሪያው ይነሣል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ያልተገኘ እንደ ሆነ ኮምፒዩተሩ ወደ ባለሙያ መሄዱ የግድ ነው። አብሮት አንድ ደብተር ይሂድ፤ በርሱም ላይ የቆመበት ቀንና ሰዓት፥ በዚያን ጊዜ ይሠራ የነበረው ሥራ፥ በሰማያዊው ገጽ ላይ የነበረው ቍጥር በሙሉ፥ ከመቆሙ በፊት በመጨረሻ የተጨመረው ዕቃ ወይም ፕሮግራም ይጻፍ። በዊንዶውስ ማኅደር ውስጥ ሚኒደምፕ የሚባል ክፍል ካለ እርሱ ኮምፒዩተሩ ራሱ የጻፈው የሞቱ ቃል ነውና በፍላሽ ተገልብጦ ከደብተሩ ጋራ ይሰጥ።