የተሰበረ የእጅ አንጓ እንዴት ይታከም?

በክረምት ወራት በደብረ ታቦርና በጉና ተራራ ዙሪያ መንገዱ ስለሚያዳልጥ፣ የሚወድቅ ሰው መዳፉን ዘርግቶ መሬት ሲደገፍ የእጁ አንጓ ሊሰበር ይችላል። አየርላንዳዊው ሐኪም አብርሃም ኮሊስ ይህን ስብራት እ.ኤ.አ. በ1814 ሲገልጽ ራጅ ገና አልተገኘም ነበር፤ ራጅ የተገኘው በ1895 ነው። ዛሬ ግን ሕክምናው የሚወሰነው በራጅ ታይቶ ነው።

1ኛ፤ አጥንቱ ተሰንጥቆ ከስፍራው ካልተነቃነቀ፣ ጀሶ ወይም ድጋፍ ይበቃዋል።
2ኛ፤ ከስፍራው ከተዛነፈ፣ ሐኪሙ አደንዝዞ ካቃናው በኋላ በጀሶ ያስረዋል። ጀሶውም ብዙውን ጊዜ ስድስት ሳምንት ያህል ይቆያል።
3ኛ፤ አጥንቱ ቆዳ ቀድዶ ከወጣ ወይም መገጣጠሚያው ከደቀቀ፣ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል።

ወጌሻን ማክበር የቆየ ልማዳችን ነው። ነገር ግን ያበጠ እጅ በቀርከሃ ተጠብቆ ሲታሰር ደም መዘዋወሩን ያቆማል፤ ሥጋውም ይሞታል። በዚህ ምክንያት እጃቸው የተቆረጠ ሕፃናት በአገራችን አሉ።

ስለዚህ ቀለበትና አምባር ወዲያው ይውለቅ፤ እጁ ሳይታሽና ሳይጎተት በነጠላ ከአንገት ይንጠልጠል፤ ቁስል ካለ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን፤ ተጎጂውም ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ከታሰረ በኋላ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ሕመሙ ከበረታ፣ የቀርከሃው ማሰሪያ በዚያው ሰዓት ይፈታ፤ ጀሶ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ይመለስ፤ እስኪነጋ መጠበቅ እጅን ያሳጣል።

መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው፣ ተማሪዎችም ለወላጆቻቸው እንዲያስረዱ አደራ እንላለን።