ወተቷ የነጠፈ እርጉዝ ላም እንቅስቃሴ ያስፈልጋታል

ድቅል ላም ውድ ስለሆነች ብዙዎቻችን በረት ውስጥ አስረን፣ መኖና ውሃ አቅርበን እናረባታለን። ሆኖም ወተቷ ነጥፎ መውለጃዋን የምትጠብቅ ላም ቀኑን ሙሉ ታስራ፣ እንደ ታላቢ ላም ፉርሽካና ፋጉሎ እየበላች ከከረመች ከመጠን በላይ ትወፍራለች። ጉዳቱ የሚታየው ስትወልድ ነው።

ጉዳቱ እንዴት ይመጣል?

ላም ስትወልድ ወተቷ ቶሎ ይጨምራል፤ የመብላት ፍላጎቷ ግን ወዲያው አይከተልም። የጎደለውን ኃይል ከሰውነቷ ስብ ታወጣለች። በጣም የወፈረች ላም የምትበላው ያነሰ ስለሆነ ብዙ ስብ በአንድ ጊዜ ይቀልጣል። ጉበቷ ይጎዳል፣ የደሟ ስኳር ይቀንሳል። ይህ በሽታ ኬቶሲስ ይባላል። ውፍረት ምጡንም ያከብዳል።

እንቅስቃሴ ጡንቻዋን ያጠነክራል፣ ሰኮናዋ ያለ ልክ እንዳያድግ ይረዳል፣ ለምጥም ያዘጋጃታል። ብቻውን ግን አይበቃም፤ ከአመጋገብ ጋር መሄድ አለበት።

ምን ያድርጉ?

1. የተዳቀለችበትን ቀን ይጻፉ። እርግዝናዋ 280 ቀን ገደማ ስለሆነ፣ 220 ቀን ሲሞላ ወተቷን ያንጥፉ።

2. በየቀኑ ያንቀሳቅሷት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያህል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ እስከ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ያድርሱት። ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ፣ በማያንሸራትት ሜዳ ይሁን። አያስሩጧት። በሽታ እንዳይጋባባት ከሌላ መንጋ ጋር አይቀላቅሏት። መሄጃ ከሌለ በታጠረ ግቢ ይፍቷት።

3. ጎኗን በእጅዎ ይዳስሱ። ጫን ሲሉ የጎድን አጥንቷ ከተሰማዎት ደህና ናት። አጥንቱ ካልተገኘና በጭራዋ ሥር ስብ ከተቋጠረ ወፍራለች።

4. ወፍራለች ብለው በድንገት አያስርቧት፤ ረሃቡ ራሱ ስቧን አቅልጦ ያሳምማታል። ፉርሽካና ፋጉሎውን ቀስ በቀስ ቀንሰው ድርቆሽ በበቂ ይስጧት።

5. ለመውለድ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ሲቀራት የተመጣጠነ መኖ በጥቂቱ ያስለምዷት።

መቼ አይንቀሳቀሱም?

ከወለደች በኋላ ፉርሽካ ትታ ጭድ ብቻ የምትመርጥ፣ ወተቷ የቀነሰና በፍጥነት የከሳች ላም ኬቶሲስ ሊኖርባት ይችላል። በመውለጃዋ ሰሞን የተንገዳገደች፣ ጆሮዋ የቀዘቀዘ፣ ተኝታ አንገቷን ወደ ጎኗ ያጠፈች ላም ደግሞ የካልሲየም እጥረት ሳይኖርባት አይቀርም፤ በሰዓታት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። «ሰነፈች» ብለው አይምቷት፣ በግድም አያስነሷት። በደረቷ እንድትተኛ በገለባ ደግፈው ወዲያውኑ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጥሩ። ምንም ነገር በአፏ አይጋቷት፤ መዋጥ ካቃታት ወደ ሳንባዋ ይገባል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የእርስዎ ላም በቀን ስንት ሰዓት ታስራ ትውላለች?
2. በቀበሌዎ ላም ወልዳ መነሳት ሲያቅታት ምን ይደረጋል? ከዚህ ትምህርት በኋላ ምን መቀየር አለበት?