ጦርነት፣ ሙቀትና ጨቅላው ሕፃን

ጦርነት ሕፃናትን የሚገድለው በጥይት ብቻ ነውን? ጥያቄውን የፊዚክስ መምህራን ማንሳታችን አንባቢን ያስገርም ይሆናል። ሆኖም ጦርነት ቀድሞ የሚያቋርጣቸው ኤሌክትሪክ፣ ነዳጅና መንገድ ናቸውና ጉዳዩ የእኛም ነው፤ ከግንባር ርቀው በከፋ ዞን የሚኖሩ ወላጆችንም ይመለከታል።

የሕፃናት ሞት መጠን የሚባለው በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል አንድ ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ቁጥር ነው። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት መጠኑ በ2000 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) 97 ነበር፤ በ2016 ወደ 48 ወርዷል። ከ48ቱ 29ኙ ግን አንድ ወር እንኳ ያልሞላቸው ነበሩ።

ስለምን በመጀመሪያው ወር? አንዱ ምክንያት ጂኦሜትሪ ነው። ሙቀት የሚመነጨው በአካል ውስጥ ሲሆን የሚባክነው በቆዳ በኩል ነው። የ60 ኪሎ እናትንና የ3 ኪሎ ልጇን ቅርጻቸው ተመሳሳይ እንደሆነ ቆጥረን ብናሰላ፣ ሕፃኑ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ያለው የቆዳ ስፋት ከእናቱ 2.7 እጥፍ ያህል ይሆናል። በዚያ ላይ የሚወለደው እርጥብ ሆኖ ነው። 1 ግራም ውኃ ሲተን 2.4 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል። ከገላው 10 ግራም ብቻ ቢተንና ሙቀቱ በሙሉ ከሰውነቱ ቢወሰድ፣ የሕፃኑ ሙቀት ከ2 ዲግሪ በላይ ይወርዳል። አዋላጆች «ቶሎ አድርቁት» የሚሉት በከንቱ አይደለም።

ያለ ጊዜው የተወለደን ሕፃን በሆስፒታል የሚያሞቀው ኢንኩቤተር ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ግን ተራ ሳጥን ይሆናል። በ2020 በተጀመረው የትግራይ ጦርነት፣ በተለይም ከጁን 2021 ወዲህ፣ በክልሉ የመብራት፣ የስልክና የባንክ አገልግሎት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር፤ ለጄኔሬተር የሚሆነው ነዳጅም አጠረ። የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው በኖቬምበር 2022 ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቀመጥ ያለበት ክትባትም ማቀዝቀዣው ሲቆም ኃይሉን ያጣል።

ቦንጋ ከዚያ ግንባር እጅግ ሩቅ ናት፤ የገብረ ፃድቅ ሻዎ ሆስፒታልም አላት። ነገር ግን ከከተማው ርቃ በገጠር ቀበሌ ለምትወልድ እናት፣ ክረምቱ መንገዱን ጭቃ ሲያደርገው፣ መቋረጡ በሰላም ጊዜም ይመጣል። ሙቀት የሚፈስበት ሕግ ደግሞ በሁለቱም ስፍራ አንድ ነው።

በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ሐኪሙ ኤድጋር ሬይ፣ ኢንኩቤተር ቢያጥረው፣ ሕፃናቱ ራቁታቸውን በእናቶቻቸው ደረት ላይ እንዲታቀፉ አደረገ። ቆዳ ከቆዳ ሲገናኝ የሙቀቱ ልዩነት ይጠባል፤ ልዩነቱ ሲጠብ ፍሰቱም ይቀንሳል። ዘዴው ኦክስጅንንም ሆነ ክትባትን አይተካም። የሚፈልገው ደረቅ ጨርቅ፣ ጀርባውን የሚሸፍን ጋቢና ለሕፃኑ ራስ የሚሆን ቆብ ነው፤ የሕፃን ራስ ከገላው ሰፊ ድርሻ ይይዛልና።