ውሃችንና የጎረቤታችን ሐቅ



ስለ አካባቢ ጥበቃ ሲነሳ ለብዙዎቻችን የሚታየን የደን ምንጣሮ፣ የፋብሪካ ጭስና የመንግሥታት ስብሰባ ነው። እኔም ጉዳዩን ከቤቴ አጥር ውጪ ያለ ነገር አድርጌ ስመለከት ኖሬአለሁ። ይህን አመለካከቴን የለወጠው አንድ የበጋ ሌሊት ነው።

የምኖረው በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ከዓለም ባንክ ሰፈር ወዲያ ነው። የቧንቧ ውሃ የሚመጣልን በሳምንት አንድ ቀን፣ ያውም በሌሊት ነው። በተራችን ቀን ውሃውን ወደ ሮቶው ለቅቄ ተኛሁ። ሮቶው ሲሞላ መስመሩን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ ተበላሽቶ ኖሮ ውሃው እስኪነጋ ሲፈስ አደረ። ለሱብሂ ሶላት ስወጣ ደጃችን ጅረት መስሏል። ከእኛ ከፍ ብለው የሚኖሩት አሮጊት ጎረቤታችን ባዶ ጀሪካን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ታች ያለነው ስንቀዳ ለእሳቸው ውሃው አይወጣም።

«ልጄ፣ ሌሊቱን ሲፈስ እሰማ ነበር። አንኳኩቼ እንዳልቀሰቅሳችሁ አፍሬ ነው» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዲናችን ስለ ውሃ የሚያስተምረውን እንደ አዲስ አነበብኩ። አላህ (ሱ.ወ) መብላትና መጠጣትን ፈቅዶ ማባከንን የከለከለው በአንድ አንቀጽ ነው (አል-አዕራፍ 7፡31)። ነቢዩ ሙሐመድ (ሶ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ ዉዱእ ያደርጉ፣ ከአንድ ሷዕ እስከ አምስት ሙድ በሚደርስ ውሃ ይታጠቡ እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። አንድ ሙድ አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም፤ አንድ ሷዕ አራት ሙድ ነው። መንገድ ላይ የተረፈ ውሃ እያለው መንገደኛን የከለከለ ሰውም በቂያማ ቀን አላህ ከማይመለከታቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ነው። እኔ ማንንም አልከለከልኩም ልል እችላለሁ። ነገር ግን አፍስሼ በመጨረስና በመከልከል መካከል ለጎረቤቴ ምን ልዩነት አለው?

እንግዲህ በቤታችን የሞከርነውን በአጭሩ ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ዉዱእ። ቧንቧ ከፍቼ ዉዱእ ሳደርግ ከሥር ባልዲ አስቀምጬ ለካሁ፤ 9 ሊትር ሆነ። እናቴ በኩስኩስት ስታደርግ አንድ ሊትር በቃት። ስንስቅባት የኖርነው በዚህ ነበር! አምስት አዋቂዎች ቤት ውስጥ በቀን ሦስት ሦስት ጊዜ ዉዱእ ብናደርግ ልዩነቱ 120 ሊትር፣ ማለትም ስድስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ሳሙና ያልነካው የዉዱእ ውሃ ደግሞ በቦይ ወደ ጎመኑና ወደ ጌሾው ይሄዳል። መስጊዶቻችንም በግቢያቸው ላለው ዛፍ ይህን ቢያደርጉ መልካም ነው። ወፍ፣ ሰው ወይም እንስሳ የሚበላለትን ተክል የተከለ ሙስሊም ሰደቃ እንደሚጻፍለት ተምረናልና።

ሁለተኛ፣ የዝናብ ውሃ። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። 70 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ያለው ቤት፣ የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ፣ በዓመት ከ50,000 ሊትር በላይ ይሰበስባል። ይህን ሁሉ የሚይዝ ማጠራቀሚያ የለንም፤ አብዛኛው ዝናብ የሚወርደውም በክረምት ነው። ሆኖም በክረምት ልብስ የሚታጠበውና ሽንት ቤት የሚለቀቀው በዝናብ ውሃ ከሆነ የቧንቧው ለሌላው ይተርፋል። አሸንዳና አንድ በርሜል ለመጀመሪያ ይበቃል። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራ አጥቦ ይፍሰስ፤ በርሜሉ ትንኝ እንዳይራባበት ይከደን፤ ለመጠጥ ግን ሳይፈላ አይሁን።

ሦስተኛ፣ ቆሻሻ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችን አልቀዋል። ያ ተራራ ከየቤታችን የወጣ ነው። ከዚያም አልፎ፣ አየር ሳያገኝ ተቀብሮ የሚበሰብስ የምግብ ትራፊ ሚቴን የተባለውን ጋዝ ይፈጥራል። ሚቴን ደግሞ ምድርን ያሞቃል። የድንች ልጣጩን፣ የጎመን ግንዱንና የቡና አተላውን ከደረቅ ቅጠል ጋር ጓሮ ቆፍረን እናኖራለን፤ አልፎ አልፎ እናገላብጠዋለን። ከወራት በኋላ ጥቁር አፈር ሆኖ ወደ ጎመኑ ይመለሳል።

አራተኛ፣ ምጣድ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ይህም ባለ 10 ዋት አምፖል ከ300 በላይ ያበራል። በሳምንት ሦስት ጊዜ ከማሞቅ አንዴ ጋግሮ መጨረስ ይሻላል። የሀገራችን መብራት በአብዛኛው ከውሃ ኃይል የሚመነጭ መሆኑንም አንርሳ።

ተንሳፋፊውን ኳስ በማግስቱ አስቀየርኩት። ከአጥራችን ውጪም አንድ የቧንቧ አፍ አውጥተናል። የውሃ ተራችን ሲደርስ ሮቶው ከመከፈቱ በፊት የጎረቤታችን ጀሪካኖች ይሞላሉ። ልጆቼ ይህን የሚሠሩት ተሽቀዳድመው ነው፤ የአሮጊቷ ዱዓ ጥሟቸዋል።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዓለይኩም።