አበባ ወደ ቤይሩት

ጥያቄ፦ እህቴ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። ለልደቷ ከአዲስ አበባ ሆኜ ትኩስ አበባ ልልክላት እፈልጋለሁ። እንዴት ላድርግ?

መልስ፦ ከዚህ አይላኩ፣ እዚያው ያስገዙ። የእኛ ጽጌረዳ ባሕር የሚሻገረው በጅምላና በቅዝቃዜ ተጠብቆ ነው፤ ለአንድ እቅፍ አያዋጣም። እህትዎ ከምትኖርበት ሰፈር ትንሽ አበባ ቤት ይፈልጉ፣ በዋትሳፕ ይነጋገሩ፣ ከመላኩ በፊት የእቅፉን ፎቶ ይጠይቁ። ጽጌረዳው በከፊል የተከፈተ ይሁን። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሙቀቱ ከባሕሩ ወበቅ ጋር ስለሚበረታ በጠዋት እንዲደርስ ይዘዙ።

ዋናው ጣጣ አድራሻው ነው። ቤይሩት ላይ ቤት የሚገኘው በመንገድ ቁጥር ሳይሆን በምልክት ነው፦ ከየትኛው ፋርማሲ ጎን፣ የሕንጻው ስም፣ ስንተኛ ፎቅ። የናጡሩ (የሕንጻው ጠባቂ) ስልክ ቢኖር ደግሞ መልእክተኛው አይንከራተትም። ግን እህትዎ ማዳሟ ቤት የምታድር ከሆነ አስቀድመው ይጠይቋት። በር ላይ ድንገት የመጣ እቅፍ «ማን ላከው?» የሚል ምርመራ ሊያስከትልባት ይችላል፤ ድንገተኛ ደስታው ቢቀር ይሻላል። እሑድ ዕረፍት ካላት ቡርጅ ሐሙድ ወይም ዶራ ሰፈር ያለች ጓደኛዋ ትቀበልላትና እዚያ ታግኘው።

ክፍያውንም ያቺው ጓደኛ በእጇ ብትከፍል ይቀላል፤ ከ2019 እ.ኤ.አ. የባንክ ቀውስ ወዲህ የሊባኖስ ገበያ ጥሬ ዶላር ይወዳል። ልደቷ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 14 (የፍቅረኞች ቀን) ወይም ማርች 21 (የሊባኖስ የእናቶች ቀን) አካባቢ ከዋለ ቀደም ብለው ይዘዙ፤ ያን ሰሞን አበባ ይወደዳል።