የቧንቧ ውኃ ክሎሪንና እርጉዝ እናት

«የቧንቧው ውኃ በረኪና በረኪና ስለሚሸተኝ ከምንጭ ማስቀዳት ጀምሬአለሁ» የሚሉን እርጉዝ እናቶች በክረምት ይበዛሉ። ባሎችም «ክሎሪን ፅንሱን አይጎዳም ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ወደ ምንጭ አይወስድም።

የጎንደር ከተማ የቧንቧ ውኃ ለረጅም ዘመን የተመካው በአንገረብ ግድብ ላይ ነው። ክረምት ሲገባ ጎርፍ አፈርና ቅጠል ጠርጎ ወደ ግድቡ ያስገባል። ክሎሪን ጀርም ሲገድል ከበሰበሰው ቅጠልና ከአፈሩ ጋርም ይዋሃድና እንደ ክሎሮፎርም ያሉ ኬሚካሎችን በጥቂቱ ይፈጥራል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳወቀው በሮተርዳም ውኃ ላይ የሠራ ሩክ የተባለ የሆላንድ ኬሚስት ነው። ከዚያ ወዲህ በእርጉዞች ላይ ብዙ ጥናት ተደርጓል። አንዳንዱ መጠኑ ከፍ ባለበት አካባቢ የሕፃናት ክብደት በመጠኑ ቀንሶ አግኝቷል፤ ሌላው ምንም ልዩነት አላገኘም። የዓለም ጤና ድርጅት ለክሎሮፎርም በሊትር 0.3 ሚሊግራም ወሰን አስቀምጧል፤ ይህን ፈርታችሁ ግን ጀርም መግደሉን አታጓድሉ ይላል።

ምክንያቱም የጀርሙ ጉዳት አያጠራጥርም። ሄፓታይተስ ኢ የሚባለው የወፍ በሽታ በዓይነ ምድር በተበከለ ውኃ ይተላለፋል፤ በመጨረሻዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት ከያዛቸው መቶ እናቶች ከ20 እስከ 25 የሚሆኑትን ሊገድል ይችላል። ኮሌራም ሩቅ አይደለም፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በቋራ ወረዳ፣ ብዙ ጠበልተኛ በተሰበሰበበት በበርሜል ጊዮርጊስ ተነስቶ ነበር። ምንጭ ጠርቶ ስለታየ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም።

ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ? ውኃ ጠፍቶ ሲመጣ የመጀመሪያውን ለወለል ማጠቢያ አውሉት። የደፈረሰውን በባልዲ ከድናችሁ እስኪጠል ተዉት፤ ከላይ ያለውን በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ አጥልሉ። «ውኃ አጋር» የምትጨምሩት ከዚህ በኋላ ነው፤ መጠኑን ከጠርሙሱ አንብቡ፣ 30 ደቂቃም ጠብቁ። ብዙ ቤት ግን ክሎሪኑን በድፍርሱ ላይ ያፈሳል! ያን ጊዜ ክሎሪኑ በአፈሩ ያልቃል፣ የፈራችሁትም ኬሚካል ይበዛል። ማፍላትም ጥሩ ነው፤ ጀርሙን ይገድላል፣ ክሎሮፎርሙም በእንፋሎት ይወጣል። ሆኖም በፈላ ውኃ ውስጥ የሚጠብቅ ክሎሪን ስለማይቀር ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፣ እጅም አይግባበት። ጀሪካን መሸከሙንና ማጥለሉን ባል ቢይዘው ለእርጉዟ ትልቅ እረፍት ነው።

የወሊድ መከላከያ እንክብል ለምትወስዱም ተቅማጥ ሌላ መዘዝ አለው። እንክብሉን በወሰዳችሁ በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሳችሁ ሌላ ውሰዱ። ማስመለሱ ወይም ተቅማጡ ከ2 ቀን በላይ ከቆየ እንክብሉ ላይከላከል ስለሚችል ኮንዶም ጨምሩና ወደ ክሊኒክ ኑ።