አደራው በመምህሩ ላይ ነው

የዛሬው ትምህርታችን በጉባኤ ሳይሆን በሹክሹክታ ስለሚወራ ጉዳይ ነው፤ ተማሪ መምህሩን ሲያፈቅር ምን እናድርግ? የዐሥረኛ ክፍል ልጅ የፊዚክስ መምህሯ ሲገባ ልቧ ይመታል። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት መዝሙር የምታስጠናውን እኅት ሲያይ አንደበቱ ይተሳሰራል። ወላጅ ከሰማ ይቆጣል፣ ጓደኛ ከሰማ ያሾፋል፣ ልጁ ደግሞ ጠፋሁ ብሎ ይጨነቃል። አባቶቻችን ኃጢአት በኀልዮ፣ በነቢብና በገቢር እንደሚሠራ አስተምረውናል። እኛም ጉዳዩን በዚሁ ቅደም ተከተል፣ ከሐሳብ ወደ ንግግር፣ ከንግግር ወደ ሥራ እየሄድን እንመርምረው።

፩. በኀልዮ

ስሜቱ ከየት ይመጣል? ለብዙ ወጣት፣ መምህር ማለት ከቤተሰብ ውጭ በስሙ ጠርቶ ያናገረው፣ ጥያቄውን ከቁም ነገር የቆጠረለት፣ “ጎበዝ” ያለው የመጀመሪያው ትልቅ ሰው ነው። በዚያ ዕድሜ አድናቆት፣ ምስጋናና ፍቅር ገና ተለይተው አይታወቁም። ተማሪው መምህሩን የሚያየውም ተዘጋጅቶ ሰሌዳ ፊት በቆመበት ሰዓት ብቻ ነው። ቤቱ ሲገባ መቆጣቱን፣ መሰልቸቱን፣ የኪራይ ጭንቀቱን አያይም። ስለዚህ የሚወደው ሰውየውን ከነሙሉ ኑሮው ሳይሆን፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ ያየውን መልካም ገጽታ ነው።

አባቶች ሳይጠሩት የሚመጣን ሐሳብና ተቀብለው የሚያስተናግዱትን ሐሳብ ይለያሉ። የመጀመሪያው ፈተና ነው፤ ተጠያቂነት የሚጀምረው በሁለተኛው ነው። እንግዲህ ይህ ስሜት የመጣበት ወጣት ተስፋ አይቁረጥ። ለንስሐ አባቱ፣ ለእናቱ ወይም ለሚያምነው ታላቅ ሰው ይንገር፤ በምሥጢር የታፈነ ስሜት ይገዝፋልና። ትምህርቱን አያቋርጥ፤ ከመምህሩ ጋር ለብቻ የሚገናኝበትን ሰበብ ግን አይፈልግ። ስሜቱ በጊዜው ያልፋል፤ ምስጋናው ይቀራል።

፪. በነቢብ

ብዙ ውድቀት የሚጀምረው ከቃል ነው። “አንቺ ከሌሎቹ ትለያለሽ” ይባላል። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ከትምህርት ጋር የማይገናኝ የቴሌግራም መልእክት ይላካል። መምህሩ የትዳሩን ችግር ለተማሪዋ ያዋያል። ከዚያም “ይህን ለማንም እንዳትነግሪ” የሚለው ይከተላል። ይህ የመጨረሻው ቃል ከተነገረ ድንበሩ ተጥሷል።

ሐዋርያው ጳውሎስ በኤፌሶን ለሚያገለግለው ለወጣቱ ጢሞቴዎስ ሲጽፍ፣ ሴቶችን አታስተምር አላለውም። አሮጊቶችን እንደ እናቶች፣ ቆነጃጅትን እንደ እኅቶች አድርጎ፣ በፍጹም ንጽሕና እንዲይዛቸው አዘዘው (1ኛ ጢሞ. 5)። የጳውሎስ መንገድ መራቅ ሳይሆን በዝምድና ሥርዓት መቅረብ ነው። ለእኅትህ በሌሊት የማትጽፈውን ለተማሪህም አትጽፍም።

ጌታችንም ሳምራዊቷን ሴት ለብቻዋ አስተምሯታል (ዮሐ. 4)። ነገር ግን ቦታው የከተማው ሰው ውኃ የሚቀዳበት ጉድጓድ፣ ጊዜውም ስድስት ሰዓት፣ ቀትር ነበር። ስለ ገመናዋ ቢያናግራትም፣ ሴቲቱ እንስራዋን ትታ ሄዳ የነገራትን ለከተማው ሰው ተናገረች። መምህር ሁሉ ራሱን በዚህ ይመዝን፤ ከተማሪዬ ጋር ያወራሁትን እርሷ ሄዳ በአደባባይ ብትናገረው አፍራለሁን?

ከዚህ ተነሥተን በተግባር የሚጠበቀውን እንቁጠር። ማስጠናት ካለ በሩ ክፍት ይሁን፣ ወይም ወላጅ ባለበት ይሁን። መልእክት በክፍሉ የጋራ ግሩፕ ይላክ። የማርክ ቅሬታ በቢሮ፣ በሥራ ሰዓት፣ ሌላ መምህር ባለበት ይታይ። መምህር የተለየ ስጦታ አይስጥ፣ አይቀበልም።

ተማሪ ፍቅሩን በግልጽ ቢናገርስ? መምህሩ አይሳቅበት፤ ጉዳዩንም የመምህራን የሻይ ሰዓት ወሬ አያድርገው። በአጭሩና በለዘብታ “ስላከበርሽኝ አመሰግናለሁ፤ እኔ መምህርሽ ነኝ፣ ከዚህ ሌላ አልሆንም” ይበል። በዚያው ቀን ለኃላፊው ያሳውቅ። ማርኩን ግን ለውለታ አይጨምር፣ ለቅያሜም አይቀንስ።

፫. በገቢር

ነገሩ ወደ ሥራ ሲደርስ “ራሷ ፈልጋ ነው” የሚል ምክንያት ይሰማል። መጽሐፍ ይህን ምክንያት አይቀበልም። ንጉሡ ዳዊት በቤርሳቤህ በደል በሠራ ጊዜ ነቢዩ ናታን የአንዲት በግ ምሳሌ ይዞ መጣ (2ኛ ሳሙ. 12)። ብዙ መንጋ ያለው ባለጸጋ የድኻውን ብቸኛ በግ ወሰደ አለ፤ ጣቱንም ወደ ንጉሡ ቀሰረ። ቤርሳቤህን አልወቀሰም። መልእክተኛ ልኮ ማስጠራት የሚችለው ንጉሡ ነበርና፣ ተጠያቂውም እርሱ ሆነ።

ዮሴፍን ደግሞ እናስብ (ዘፍ. 39)። የጌታው ሚስት ስትጠይቀው እንቢ አለ፤ ዋጋውም ወኅኒ ሆነ። በሌላው እጅ ያለ ሰው እንቢታው ምን ያህል እንደሚያስከፍለው ከዚህ እንማራለን። ማርኳ፣ ማለፏና መውደቋ በመምህሩ ብዕር ላይ ያለ ተማሪም እሺ ብትል፣ እሺታዋ ነጻ ነው ለማለት አይቻልም። ስለዚህ መምህሩ የፍቅር ጥያቄ ማቅረብ፣ ከተማሪዋ ቢመጣም መቀበል የለበትም። ሴት መምህርና ወንድ ተማሪም ቢሆኑ ፍርዱ አንድ ነው።

የአገራችንም ሕግ ይህን ያውቃል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 626፣ ዕድሜው ከ13 እስከ 18 ዓመት ከሆነ ልጅ ጋር የሚፈጸም ግብረ ሥጋ ኃይል ባይኖርበት እንኳ ወንጀል ነው ይላል። ተበዳዩ የአድራጊው ተማሪ ከሆነ ደግሞ ቅጣቱን ያከብደዋል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ 18 ዓመት ሞልቷት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ማርኳ በመምህሩ እጅ እስካለ ድረስ አደራው አልወረደለትም። በእውነት ለትዳር የታሰበ ከሆነ፣ የመምህርና የተማሪ ግንኙነቱ ፈጽሞ ይብቃ፤ ከዚያ በኋላ በሽማግሌ፣ በቤተሰብ ፊት ይጠየቅ። መጠበቅ የማይችል ፍቅር ለትዳር አይበቃም።

አንድ ነገር ይቀረናል፤ የሚያውቁ ሰዎች ዝምታ ነው። የካህኑ የዔሊ ልጆች በመገናኛው ድንኳን ደጅ ከሚያገለግሉ ሴቶች ጋር ይተኙ ነበር (1ኛ ሳሙ. 2)። ዔሊ ሰማ፣ በቃል ገሠጸ፤ ከአገልግሎት ግን አላወረዳቸውም። ፍርዱ በቤቱ ሁሉ ላይ የመጣው እያወቀ ስላልከለከላቸው ነው። የበደለን መምህር ስም እንዳይጠፋ ብሎ በዝውውር ወደ ሌላ ትምህርት ቤት የሚሸኝ ርእሰ መምህር የዔሊን ስሕተት ይደግማል፤ ሌሎች ልጆችንም አሳልፎ ይሰጣል።

ታዲያ ክስ ሁሉ ሳይመረመር ይታመን ማለታችን ነውን? አይደለም። በሶስና ታሪክ ሕዝቡ እርሷን በሐሰት የከሰሷትን ሁለቱን ሽማግሎች ለማዕረጋቸው ሲል አመናቸው። ዳንኤል ግን ለያይቶ ጠየቃቸው፤ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩ ሲናገሩ ቃላቸው ተጋጨ፣ ንጽሕቲቱም ዳነች። እንዲህ ያለ ምርመራ የተበደለውን ተማሪ ያድናል፤ በሐሰት የተከሰሰውንም መምህር ያድናል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ እንዲህ ያለ ስሜት ወይም በደል ሲነግራችሁ ዱላ አታንሡ፤ ዛሬ ከመታችሁት ነገ የባሰውን ይደብቃችኋል። ተማሪዎች ሆይ፣ “ለማንም አትንገሩ” የሚላችሁን መምህር ለወላጆቻችሁ ንገሩ፤ በደሉ የእርሱ እንጂ የእናንተ አይደለም። መምህራን ሆይ፣ የሚያስተምር የባሰ ፍርድ እንደሚጠብቀው ሐዋርያው ያዕቆብ አስጠንቅቋል (ያዕ. 3)። ልጆቹ አምነው የሰጧችሁን ልብ በእውቀት ሞልታችሁ፣ ሳትነኩት ለባለቤቱ መልሱ።